የመቅደላው ናፒየር ማን ነበር? ከኮሎምቦ እስከ ጂብራልታር

ጄኔራል ናፒየር ሲባል ሁላችንም ወዲያው ትዝ የሚለን መቅደላ ነው። በዝሆን መድፍ አስጭኖ የመጣው፣ እሮጌ ላይ የተዋጋው፣ አጼ ቴዎድሮስ እጃቸውን ከሚሰጡት ሞትን የመረጡበት እንግሊዛዊ። ሰውየውን የምናውቀው ከረጅም ዕድሜው ጥቂት ሳምንት ብቻ ቆርሰን ነው። መቅደላ ሲደርስ ግን የ57 ዓመት ሰው ነበር። ሁለት ጊዜ አግብቷል፣ ልጆች ወልዷል፣ ከተማ ቀይሷል፣ መንገድና ቦይ ሠርቷል፣ ሕንድንና ቻይናን ወግቷል። ከመቅደላ በኋላም ወደ 22 ዓመት ያህል ኖሯል፤ ከዚያ ውስጥ 7ቱን ዓመት የጂብራልታር ገዥ ሆኖ።

ይሄን ሁሉ ለምን እንወቅ የሚል ካለ፣ መልሴ አጭር ነው። ሰውየውን ስናውቅ የመቅደላው ዘመቻ ለምን እንደዚያ እንደሆነ በደንብ ይገባናል። ቴዎድሮስ የገጠማቸው ጀግና ተዋጊ ብቻ አልነበረም። መሐንዲስ ነው። ይሄ ልዩነት ደግሞ ቀላል አይደለም።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር። እዚህ ያሉት ዓመቶች የፈረንጅ ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ስጽፍ እናገራለሁ።

ሮበርት ኮርኔሊስ ናፒየር የተወለደው እንግሊዝ አገር አይደለም። ኮሎምቦ ነው፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ ዲሴምበር 6 ቀን 1810። አባቱ ሻለቃ ቻርልስ ፍሬድሪክ ናፒየር የእንግሊዝ መድፈኛ ጦር መኮንን ነበር። እናቱ ካተሪን ካሪንግተን የባርቤዶስ ሰው ልጅ ናት። ባርቤዶስ ያኔ በባሪያ ጉልበት ሸንኮራ አገዳ የሚለማባት የእንግሊዝ ደሴት ነበረች። እንግዲህ ቤተሰቡ ራሱ የቅኝ ግዛት ውጤት ነው ማለት ነው፤ እናት ከካሪቢያን፣ ልጅ ከሕንድ ውቅያኖስ፣ አባት ጦሩ በላከው ሁሉ የሚዘምት።

ልጁ ገና ዓመት ሳይሞላው እንግሊዞች ጃቫን ለመያዝ ዘመቱ። ጃቫ በደቾች እጅ ነበረች፣ ደቾች ደግሞ በናፖሊዮን ፈረንሳይ ሥር ነበሩ። ባታቪያ አጠገብ፣ ዛሬ ጃካርታ በምትባለው ከተማ ውስጥ፣ ሜስተር ኮርኔሊስ የሚባል ትልቅ ምሽግ ነበር። ኦገስት 26 ቀን 1811 እንግሊዞች ምሽጉን ሰብረው ሲገቡ ሻለቃ ናፒየር ቆሰለ። ከጥቂት ወራት በኋላም ሞተ። ሕፃኑ ኮርኔሊስ የሚለው ስም የተሰጠው ከዚህ ነው። አባቱ የወደቀበትን ምሽግ ስም ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞት ኖረ። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ታች ትመጣለች።

አባት የሌለው፣ ሀብትም ያልተረፈው የመኮንን ልጅ በዚያ ዘመን ምን አማራጭ አለው? እዚህ ላይ የእንግሊዝን ጦር አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ያኔ በንጉሡ እግረኛና ፈረሰኛ ጦር ውስጥ የመኮንንነት ማዕረግ በገንዘብ ይገዛ ነበር። በግልጽ፣ በሕግ፣ ዋጋ ወጥቶለት። ይሄ አሠራር የቀረው በ1871 ነው። ገንዘብ የሌለው ሰው ሌላ በር ይፈልጋል። አንዱ በር የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ነበር።

ኩባንያ ሲባል የዛሬ ዓይነት ድርጅት እንዳይመስላችሁ። ለንደን ውስጥ ባለ አክሲዮኖች ያሉት የንግድ ማኅበር ነው፣ ግን ሕንድ ላይ ግብር ይሰበስባል፣ ይፈርዳል፣ ከነገሥታት ጋር ይዋዋላል፣ የራሱ ጦር አለው። መኮንኖቹን የሚያሠለጥንበት ትምህርት ቤት ለንደን አጠገብ አዲስኮም የሚባል ቦታ ነበር። ናፒየር እዚያ ገባና በ1826 መጨረሻ፣ በ16 ዓመቱ፣ የቤንጋል መሐንዲሶች ክፍል ምክትል መቶ አለቃ ሆኖ ወጣ። የመሐንዲስ ማዕረግ አይገዛም፤ በትምህርት ነው የሚገኘው። በ1828 ሕንድ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ረጅም ጊዜ በአብዛኛው የአካፋና የገመድ ሥራ ነው። በሰሜን ሕንድ የጀምና ወንዝ ምሥራቃዊ ቦይ ላይ የመስኖ ሥራ ሠራ። ከዚያ ወደ ሂማላያ ግርጌ ተላከና ዳርጂሊንግን ቀየሰ። ያ ዛሬ በሻይ ቅጠሉ ዓለም የሚያውቀው ከተማ ያኔ ጫካ ነው። ከሜዳው ወደ ተራራው የሚወጣውን መንገድ ያስጠረገው እሱ ነው፤ ገደል እየተከተለ፣ በየክረምቱ የሚናደውን አፈር እየደገፈ፣ የአካባቢውን ሰዎች የግንባታ ጦር አድርጎ እያደራጀ። አምባላ የሚባለውን የጦር ሰፈርም እሱ ነው የነደፈው። እንግሊዞች በ1849 ፑንጃብ የሚባለውን የሰሜን ምዕራብ ሕንድ ግዛት ሲይዙ የግዛቱ ዋና መሐንዲስ ሆነ። ከላሆር ወደ ፔሻዋር የሚሄደው አውራ ጎዳና፣ የባሪ ዶአብ ቦይ፣ ድልድዩ፣ ሰፈሩ ሁሉ በእሱ ሥር ነበር። በገንዘብ አወጣጡ ያማርሩት ነበር። ሥራውን ግን የሚያማ አልነበረም።

ስለ ቤቱ ደግሞ እንይ። በሴፕቴምበር 1840 አን ፒርስን አገባ። አባቷ በኩባንያው አገልግሎት ውስጥ ከፍተኛ ሐኪም ነበር። ሕንድ ያሉ እንግሊዞች እርስ በርስ ነው የሚጋቡት፤ መኮንን የሐኪም ልጅ ያገባል፣ ሐኪም የዳኛ እህት። አን ልጆች ወለደችለት፣ ግን ዲሴምበር 1849 ሞተች። ፑንጃብ ላይ ትልቁን ሥራ ሊጀምር ሲል ማለት ነው። ከዚያ ከ11 ዓመት በላይ ሳያገባ ቆየ። በኤፕሪል 1861፣ 50 ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ሜሪ ሴሲሊያ ስኮትን አገባ። እሷም የጄኔራል ልጅ ናት። ከእሷም ብዙ ልጆች ተወለዱ። ከሁለቱ ሚስቶች የተወለዱት ልጆች በድምሩ ከአስር ይበልጣሉ። ከወንዶቹ ብዙዎቹ እንደ አባታቸው ጦር ውስጥ ገቡ። አንዱ፣ ሄንሪ ዳንዳስ ናፒየር፣ በኋላ የአባቱን የሕይወት ታሪክ ጽፏል፤ ከአቢሲኒያ ዘመቻ ጊዜ የተላኩ ደብዳቤዎችንም አሳትሟል።

ጦርነቶቹን ፈጠን ብዬ ልለፋቸው። ፑንጃብን ይገዙ ከነበሩት ሲኮች ጋር በተደረጉት ሁለት ጦርነቶች፣ በ1845 እና በ1848፣ በመሐንዲስነት ተዋጋ፣ በሁለቱም ቆሰለ። በ1857 የሕንድ ወታደሮች ሲያምፁ ላክናው ከተማ ላይ የጄኔራል አውትራም ዋና ረዳት ነበር፤ እዚያም ቆሰለ። በ1860 ቻይና ላይ አንድ ክፍለ ጦር መርቶ ቤይጂንግ ከገቡት አንዱ ሆነ። ከአመፁ በኋላ ኩባንያው ሕንድን የመግዛት ሥልጣኑን አጣ፣ ሕንድ በቀጥታ በንግሥት ቪክቶሪያ መንግሥት ሥር ሆነች። በ1863 የሕንድ እንደራሴ ሎርድ ኤልጂን በድንገት ሲሞት ናፒየር ተተኪው እስኪደርስ ለጥቂት ቀናት ያን ሁሉ አገር በተጠባባቂነት ገዛ። በ1865 የቦምቤይ ጦር ዋና አዛዥ ሆነ።

አሁን ወደ እኛ አገር እንምጣ። አጼ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ መቅረቱን፣ ቆንስል ካሜሮንን ማሰራቸውን፣ ቀጥሎ እሱን ለማስፈታት የተላከውን ሆርሙዝድ ራሳምንም መያዛቸውን አንባቢ ያውቀዋል። ለንደን በ1867 ጦር ለመላክ ሲወስን ከእንግሊዝ ይልቅ ሕንድ ይቀርባል። ሕንድ ውስጥ ደግሞ የሚቀርበው ቦምቤይ ነው። የቦምቤይ ጦር አዛዥ ማን ነው? ናፒየር። መሐንዲስ ለዚህ ያህል ዘመቻ ዋና አዛዥ ሆኖ መመረጡ ያልተለመደ ነበር። ብዙ ሰው ደግሞ አገሩ ራሱ ሠራዊቱን ይበላዋል ብሎ ነበር፤ ተራራው፣ ገደሉ፣ የውሃው እጦት።

ናፒየር ይሄን ገብቶታል። ጠላቱ የቴዎድሮስ ሠራዊት ሳይሆን ከባሕር እስከ መቅደላ ያለው ከ600 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ነው። ስለዚህ ዘመቻውን እንደ ግንባታ ሥራ ነው የያዘው። ከምጽዋ በስተደቡብ ዙላ ላይ ወደብ ተሠራ። ባሕሩ ውስጥ የሚገባ መራገፊያ ተዘረጋ። ዙላ የሚጠጣ ውሃ የለም፤ ስለዚህ መርከቦቹ የባሕር ውሃ እያፈሉ፣ እንፋሎቱን እያቀዘቀዙ ለሰውም ለከብትም አጠጡ። ከሕንድ ሐዲድና ባቡር መጣና ከባሕሩ ዳር ወደ ተራራው ግርጌ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘረጋ። የቴሌግራፍ ሽቦ ተከተለ። መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ከሕንድ በመርከብ ተጭነው መጡ። አገሬው የሚቀበለው የማሪያ ትሬዛ ጠገራ ብር ስለሆነ ከ4 ሚሊዮን በላይ ጠገራ ከቪየና ተገዛ። ወታደሩ ብቻ 13 ሺህ ያህል ነው፤ አብዛኛው ሕንዳዊ። አገልጋዩ፣ በቅሎ ነጂውና ሠራተኛው ሲደመር ደግሞ የዚያ እጥፍ ድርብ ይሆናል።

ጅምሩ አላማረም ነበር። ናፒየር በጃንዋሪ 1868 ዙላ ሲደርስ በሺህ የሚቆጠሩ በቅሎዎችና ፈረሶች በጥማትና በበሽታ አልቀው፣ ሬሳቸው የባሕሩን ዳር ሞልቶት ነበር። ውሃ የሚያጠጣ፣ የሚያስር፣ የሚቆጣጠር በቂ ሰው ሳይኖር ነው ከብቱ የተራገፈው። እሱ መጥቶ ነው ነገሩ መልክ የያዘው።

ሌላው ነገር ገበሬው ነው። ናፒየር የሚያልፍበትን አገር ሕዝብ ዝርፊያ እንዳይነካው፣ እህሉም ሣሩም በብር እንዲገዛ አዘዘ። የመጣሁት እስረኞቹን ላስፈታ ነው፣ መሬት አልፈልግም አለ። ይሄ ደግነት ብቻ አይደለም፤ ስሌት ነው። ያን መንገድ በውጊያ ሊያልፈው አይችልም ነበር። የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ካሳ ምርጫ፣ በኋላ አጼ ዮሐንስ 4ኛ የሆኑት፣ በፌብሩዋሪ ተገናኙትና እንዲያልፍ ፈቀዱለት፣ እህልም እንዲሸጥለት አደረጉ። ላስታም አልከለከለችውም። የወሎዋ ንግሥት መስተዋት ደግሞ የቴዎድሮስን ማምለጫ ዘጉ። ቴዎድሮስ በዚያ ሰዓት ከሰፊው አገር የቀራቸው መቅደላና ዙሪያዋ ነበር፤ ሠራዊታቸውም ተመናምኖ ነበር። ይሄን መናገር ቴዎድሮስን ማሳነስ አይደለም። ናፒየር ያን ሁሉ መንገድ አንድም ዋና ውጊያ ሳይገጥመው እንዴት መጣ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይሄ ስለሆነ ነው።

ውለታው በኋላ ተከፍሏል። ናፒየር ሲመለስ ለደጃዝማች ካሳ መድፎችና ከ800 በላይ ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ። ከዘመቻው ጋር የመጣ ጆን ኪርክሃም የሚባል እንግሊዛዊም ወታደሮቻቸውን አሠለጠነላቸው። በ1871 ዓድዋ አጠገብ አጼ ተክለ ጊዮርጊስን ሲያሸንፉ፣ በ1872 አክሱም ላይ ሲነግሡ፣ ያ መሣሪያ ድርሻ ነበረው።

የመጨረሻዎቹን ቀናት ረጋ ብለን እንያቸው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 በእኛ አቆጣጠር የስቅለት ዕለት ነበር። የቴዎድሮስ ሠራዊት በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት ከአምባው እየተወረወረ ወርዶ እሮጌ ሜዳ ላይ ገጠመ። እንግሊዞቹ ከኋላ የሚጎርስ አዲስ ስናይደር ጠመንጃ ይዘዋል፤ ሮኬትም አላቸው። ገብርዬ ወደቀ። እንግሊዞች እንደመዘገቡት ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሞቱ፣ ከዚያ የሚበልጥ ቆሰለ። ከእነሱ ወገን በቁስሉ የሞተው 2 ሰው ነው።

በማግስቱ መላላክ ተጀመረ። ናፒየር የላከው መልስ፣ አውሮፓውያኑን ሁሉ ልቀቁ፣ እርስዎም ለንግሥቲቱ እጅዎን ይስጡ፣ እርስዎና ቤተሰብዎ በክብር ይያዛሉ የሚል ነው። ቴዎድሮስ ይሄ በክብር መያዝ የሚባለው ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቁ። እንደ ንጉሥ ነው ወይስ እንደ እስረኛ? አጥጋቢ መልስ አልመጣም። ሽጉጥ አፋቸው ውስጥ ከተው ሊሞቱ ሲሉ አጠገባቸው የነበሩት ተረባርበው ከለከሏቸው። ከዚያ እስረኞቹን ለቀቁ።

በፋሲካ ዕለት ደግሞ ለናፒየር 1,000 ላምና 500 በግ ለማስፈሰኪያ ላኩ። ይሄ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም። ከጠላት ቤት የመጣን የፋሲካ እርድ የተቀበለ ሰው ታርቋል ማለት ነው። ላሞቹ ሊመጡ መሆኑ ሲነገር ናፒየር የተቀበለ መስሎ ለቴዎድሮስ ተነገራቸው፤ ደስ አላቸው፣ እርቅ ወረደ ብለው አመኑ። ናፒየር ግን ቀጥሎ አልቀበልም አለ። ከብቱም ከእንግሊዝ ዘበኛ መስመር አላለፈም። እኔ ይሄን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚያንገበግበኝ ከጦርነቱ ይልቅ ይሄ ነው። እስረኞቹ እኮ ተፈተዋል። የመጣሁበት ነው ያለው ጉዳይ አልቋል። የቀረው የንጉሡን እጅ መያዝ ብቻ ነበር።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6፣ አምባው ተጠቃ። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ሙሉ ዘመቻውን በመሐንዲስ ጭንቅላት የመራው ሰው መሐንዲሶቹ የአምባው መግቢያ ኮኪት በር ላይ ሲደርሱ በሩን የሚያፈርሱበትን ባሩድና መውጫ መሰላሉን ወደ ኋላ ትተውት መጥተዋል። ዝናብ ይዘንባል። በሩ ከውስጥ በድንጋይ ተደፍኗል። በመጨረሻ የ33ኛው ክፍል ወታደሮች አንዱ ሌላውን እየገፋ አጥሩን ዘለው ገቡ። ቴዎድሮስ ንግሥት ቪክቶሪያ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ሰውተው ተገኙ።

አምባው ላይ ልጃቸው ነበር፣ ልዑል ዓለማየሁ፣ 7 ዓመት ገደማው። ያዙልኝ ያልኳችሁ ይቺን ነው። ናፒየር ራሱ አባቱን በምሽግ ሰበራ ያጣ ልጅ ነበር። ኮርኔሊስ ብለው የሰየሙት ለዚያ ነው። 57 ዓመት ሲሞላው እሱ በመራው የምሽግ ሰበራ ደግሞ ሌላ ልጅ አባቱን አጣ። ልዩነቱ፣ አንዱ አባቱ ያገለገለው መንግሥት መንገድ ከፈተለት፤ ሌላው አባቱን ባጠፋው መንግሥት እጅ አደገ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ ትግራይ ውስጥ ሞቱ። ዓለማየሁ እንግሊዝ ተወሰደ፣ ራግቢ የሚባል ትምህርት ቤት ተማረ፣ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፣ በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ሞተ። ዊንዘር ቤተ መንግሥት፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ዘንድ ተቀበረ። አጽሙ ይመለስ የሚለውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 አልተቀበለውም።

ዘረፋውን በተመለከተ ናፒየርን ነጻ የሚያደርገው ነገር የለም። መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያንና የንጉሡ ግምጃ ቤት በወታደር ተዘረፉ። ከዚያ አምባው ተቃጠለ። ዕቃው በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን በሐራጅ ተሸጠ፤ ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ እዚያው ተገኝቶ ይገዛ ነበር። ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ይሄ የተደረገው አዛዡ ሳያውቅ አይደለም። በመንገድ ላይ የገበሬ እህል እንዳይነካ ያዘዘ ሰው፣ መቅደላ ላይ የታቦት ቤት እንዳይነካ ማዘዝ ይችል ነበር።

ናፒየር እንግሊዝ ሲደርስ አቀባበሉ ሌላ ነበር። መጀመሪያ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ይበቃል የተባለው ዘመቻ ወደ 9 ሚሊዮን ገደማ ፈጅቷል፤ ምክር ቤቱ አጉረመረመ። ሕዝቡ ግን በድሉ ሰክሯል። በጁላይ 1868 ባሮን ናፒየር ዘመቅደላ የሚል ማዕረግ ተሰጠው። በዓመት 2,000 ፓውንድ ጡረታም ለእሱና ከእሱ ቀጥሎ ለሚወርሰው ልጁ ተቆረጠ።

ይሄ ማዕረግ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ፣ ብዙ ሰው ግር ይለዋልና። ባሮን ከእንግሊዝ 5 የመኳንንት ደረጃዎች ዝቅተኛው ነው። የሚወረስ ሲሆን በንግሥቲቱ ደብዳቤ ላይ እንደተጻፈው ለባለቤቱ ወንድ ዘር ይተላለፋል፤ ከእሱም ጋር በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት፣ ሎርዶች ቤት በሚባለው፣ መቀመጫ ነበረው። መሬት አይሰጥም። መቅደላ የሚለው ቃል ርስት አይደለም፣ መለያ ነው። መለያውም ያስፈልግ ነበር፤ ምክንያቱም ሌላ ሎርድ ናፒየር በዚያው ዘመን ሕንድ ውስጥ ነበር፣ ፍራንሲስ ናፒየር የሚባል የማድራስ ገዥ። እሱም በ1872 ተጠባባቂ እንደራሴ ሆኗል። ሲንድን የያዘው ቻርልስ ናፒየርም ሌላ ሰው ነው። ሦስቱን የሚቀላቅል ብዙ አለ።

በ1870 የሕንድ ጦር ሁሉ ዋና አዛዥ ሆነ፣ እስከ 1876። ከዚያ ጂብራልታር። ጂብራልታር ከስፔን ጫፍ የምትገኝ፣ የሜዲትራኒያንን በር የምትቆጣጠር ትንሽ ዓለት ናት። የዚያ ገዥ ያኔ የሲቪል አስተዳዳሪም የጦር ሰፈሩ አዛዥም ነበር፤ ዋናው ሥራ ምሽግ መጠበቅ ስለነበር ሹመቱ ለአረጋውያን ጄኔራሎች ነበር የሚሰጠው። በ1878 እንግሊዝ ከሩሲያ ጋር ልትዋጋ ጫፍ ስትደርስ የሚዘምተውን ጦር እንዲመራ የታጨው እሱ ነበር፤ ዕድሜው 67 ነው። ጉዳዩ በበርሊን ጉባኤ በስምምነት አለቀ።

ጂብራልታር የሄደ ሰው ዛሬም ድረስ ሮዚያ የባሕር ሰርጥ አጠገብ አንድ ግዙፍ መድፍ ያያል። ክብደቱ 100 ቶን ነው፣ አንዱ ጥይት ብቻ ወደ 900 ኪሎ ይመዝናል። መድፉ የተተከለበት ምሽግ ስሙ ናፒየር ዘመቅደላ ነው። ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ አሠርተው፣ ስንት ተራራ በሰው ጉልበት ያስጎተቱት ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል ነበር። ቦምቤይን እንድትጠብቅ በ1870 የተሠራች የጦር መርከብም መቅደላ ትባል ነበር፤ ሌላዋ ደግሞ አቢሲኒያ።

ጃንዋሪ 1 ቀን 1883 ፊልድ ማርሻል ሆነ፣ ከዚያ በላይ ማዕረግ የለም። በዚያው ዓመት ጂብራልታርን ለቀቀ። ጃንዋሪ 14 ቀን 1890 ለንደን ውስጥ በኢንፍሉዌንዛ ሞተ፤ ያ ክረምት ወረርሽኙ አውሮፓን ያዳረሰበት ነው። የተቀበረው ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ነው።

ማዕረጉ ከሞተ በኋላም ቀጠለ። መጀመሪያ ከአን የተወለደው ሮበርት ዊሊያም 2ኛው ባሮን ሆነ። በ1921 ሲሞት ወንድሙ ጄምስ ፒርስ ወረሰ። እሱም በ1935 ሲሞት ከሁለተኛዋ ሚስት ወደተወለደው ኤድዋርድ ኸርበርት ስኮት ዞረ፤ ከእሱ ወደ ልጁ። ሦስት ወንድማማቾች ተራ በተራ አንድ ማዕረግ መያዛቸው ውርሱ ወንድ ልጅ ባጣው መስመር ቆሞ ወደ ቀጣዩ ወንድም ስለሚሻገር ነው። በ1999 በወጣው ሕግ በውርስ ብቻ ምክር ቤት የመቀመጥ መብት ለአብዛኛው መኳንንት ቀርቷል። ስሙ ግን አልተሻረም።

ሐውልቱ ለንደን፣ ኩዊንስ ጌት በሚባለው ጎዳና ላይ በፈረስ ተቀምጦ ቆሟል። ከዚያ በእግር የሚደረስ ቦታ ላይ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አለ፤ ከመቅደላ የተወሰዱት የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ ያሉት እዚያ ነው። በ1871 የእንግሊዝ ፓርላማ ስለነዚህ ሁለት ዕቃዎች ሲከራከር ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን ከመጀመሪያው መወሰዳቸው እጅግ እንደሚያሳዝነው ተናገረ። አያይዞም የናፒየርን አስተያየት ለምክር ቤቱ አሰማ። ናፒየር ያለው፣ እነዚህ ዕቃዎች ከብሔራዊ ቅርሶቻችን ጋር መቀላቀል የለባቸውም፣ ወደ አቢሲኒያ መመለስ እስኪቻል ድረስ በአደራ ይቀመጡ ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቅደላ ከተወሰደው ጥቂት ነገር ተመልሷል። በ1872 አጼ ዮሐንስ ጠይቀው አንድ ክብረ ነገሥት፣ በ1920ዎቹ ለንግሥት ዘውዲቱ አንድ ሌላ ዘውድ፣ በ1965 የቴዎድሮስ ማኅተምና ቆብ፣ በ2019 የቴዎድሮስ ጸጉር። ፓርላማው በስም ጠርቶ የተከራከረባቸው፣ ዘራፊውን ጦር የመራው ጄኔራል ራሱ ይመለሱ ያላቸው የወርቅ ዘውድና ጽዋ ግን ዛሬም እዚያው ሙዚየም ውስጥ ናቸው።